ሐዲድ ላይ የሚሮጠው አምቡላንስ

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ባለፈው እትም ስለ አምቡላንስ ታሪክ የወጣው ጽሑፍ ጥሩ ነበር፤ ሐዲድ ላይ የሚሮጠውን ግን ዘለለው።

ሳን ፍራንሲስኮ ውሃ ፍለጋ በካሊፎርኒያ ተራሮች መካከል የኦሾኔሲን ግድብ ስታስገነባ፣ ሠራተኛውም ሲሚንቶውም የሚጓጓዘው ከተማዋ ራሷ በዘረጋችው የሄች ሄቺ የባቡር መስመር ነበር፤ ርዝመቱ 109 ኪሎ ሜትር ያህል። ድንጋይ የተናደበትን ሰው የጭነት ባቡር እስኪመጣ ጠብቅ ማለት ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1919 ዋይት የተባለው የመኪና ኩባንያ ሥሪት የሆነ ባለ ሞተር ተሽከርካሪ፣ በጎማ ፋንታ የባቡር እግር ተገጥሞለት ሕመምተኞችን ወደ ግሮቭላንድ ሆስፒታል ያመላልስ ጀመር።

ዛሬ በዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ደጃፍ፣ ኤል ፖርታል በተባለች መንደር ይገኛል። ፊቱ የጥንት የጭነት መኪና፣ እግሩ የባቡር! ሾፌሩ መሪ የማዞር ጣጣ የለበትም፤ ባቡር ፊት ለፊት ቢመጣበት ግን ዳር መያዝ አይችልም። በሽተኛ ጭኖ በዚያ ነጠላ ሐዲድ ቁልቁል መውረድ ምን ዓይነት ድፍረት ይጠይቅ እንደነበር አስቡት። እኔን ከግድቡ ይልቅ የገረመኝ ይኸው ነው።

ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1923 ተጠናቀቀ፤ ሐዲዱም በኋላ ተነቀለ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከካሊፎርኒያ