የጋሼ ቴፕ፦ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ምን ሠራ ለሚለን ሁሉ የምናሳየው አንድ ዕቃ አለን። ከእናንተ ብዙዎቻችሁን ፊዚክስ አስተምረው በጡረታ የወጡት ጋሼ ቤት ያለው ባለ ጥቅል ክር ቴፕ ነው። ጀርመን ሠራሽ ነው፤ ክሩ ሳህን በሚያህሉ ሁለት ጥቅሎች ላይ ሲዞር በዓይን ይታያል። ጋሼ በኅዳር ሲያውሱን «ድምፁ ታፍኗል። ቤቴ ቁጭ ብዬ ጥርት አድርጌ ልሰማው እፈልጋለሁ» አሉን።



«ሁሉ ነገር በስልክ እያለ ይሄ ምን ይረባል?» ያሉን ባልደረቦች ነበሩ። መግነጢስ መጽሐፍ ላይ ቀስት ብቻ ነው። እዚህ ግን ልጆቹ ክሩ ላይ የተቀባው ቡናማ ነገር የብረት ዝገት ዓይነት መሆኑን፣ ድምፅም እዚያ ላይ በመግነጢስ እንደሚቀረጽ ነክተው አወቁ።

ቴፑን ስንከፍተው ቺንጋው፣ ማለትም ከሞተሩ ኃይል ተቀብሎ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቀልጦ ሬንጅ መስሏል። ከብስክሌት ካላማዳሪያ ቆርጠን ሞከርን፤ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ሁነኛው ቺንጋ ከመርካቶ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ ዓባይ በረሃን አቋርጦ በአንድ ወላጅ ሻንጣ ደብረ ማርቆስ ገባ። ሄዱን፣ ማለትም ክሩ እየነካው ሲያልፍ ድምፁን የሚያነበውን ክፍል፣ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አልኮል ጠረግን፤ የደረቁትን ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ዕቃዎች) በልካቸው ለወጥን። አንዱን ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ገልብጠን አስገብተነው ፈነዳ። ማንም አልተጎዳም፤ ትርፍ ስላልነበረን ግን ሁለት ሳምንት ቆመናል። የቴፑ የራሱ ስፒከር ትንሽ ስለሆነ ከኋላው ባለ 5 ቀዳዳ ሶኬት ገመድ አውጥተን ከጋሼ ማጉያ ጋር የሚገናኝበትን መንገድ አበጀንለት።

በሚያዝያ ሠራ ብለን እጅ ለእጅ ስንጨባበጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ቃል ያልወጣው አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ዜማው ወርዷል እኮ» አለ። ይህ ልጅ ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣ ነው። ለእኛ ምንም አልተሰማንም። ልጁ ግን «ይጎትታል» ብሎ ጸና። በሴኮንድ 9.5 ሴንቲ ሜትር የሚሄድ ክር በአንድ ደቂቃ 570 ሴንቲ ሜትር መጓዝ አለበት። ክሩ ላይ ምልክት አድርገን፣ አንድ ደቂቃ አስኪደን፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካነው፦ 550! ክሩን ተጭኖ የሚስበው የጎማ ጥቅልል ደርቆ እየተንሸራተተ ኖሯል። በሳሙና ታጥቦ፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ ዳግም ሲለካ 568 ሆነ። እኛ በሜትር የደረስንበትን ልጁ በጆሮው ቀድሞን ነበር።

ቴፑን በባጃጅ፣ በሁለት ተማሪዎች ጭን ላይ አድርገን ለጋሼ መለስን። ያስቀመጡት ክር ወጣት ሳሉ በጥምቀት ዕለት የቀረጹት ነው። መጀመሪያ «ሰ» እና «ሸ» የማይለዩ ሆነው ተሰሙ። ልጁ ጠጋ ብሎ የሄዱን አቀማመጥ የምታስተካክለውን ትንሽ ብሎን በቀጭን ካቻቪቴ ሩብ ዙር እንኳ ሳይሞላ ነካት። ጸናጽሉ ጠራ። ከዚያ ሳያስበው ይመስለኛል፣ ከክሩ ጋር በለሆሳስ ማዜም ጀመረ። ጋሼ ተነሥተው የባጃጅ ድምፅ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጉ። ተመልሰው አጠገቡ ተቀመጡና «አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?» አሉት። በ19 ዓመት የመምህርነት ዘመኔ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ይህ ሁሉ የተሠራው በተውሶ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ነው። የክበቡ የዓመት በጀት ለአንድ መበየጃ ካውያና ለጥቅል ስታኞ አልበቃም፤ ለሌላ ነገር ገንዘብ ሲገኝ ግን እያየን ነው። ለመጪው ዓመት የምንለምነው መልቲሜትር፣ ካውያና የሄድ መግነጢስ ማጥፊያ ነው። ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ ቤታችሁ የቆየ ክር ካለ ፀሐይ እንዳያገኘው አድርጋችሁ አምጡልን። ረቡዕ ከ9 ሰዓት በኋላ ላብራቶሪ አለን።