ሀባሪ ጋኒ ሲሉኝ ምን ብመልስ ጥሩ ነው

እህትዓለም እንዴት ነሽልኝ? አዎ እኔው ነኝ፣ ከሁለት አመት በኋላ ምን አስታወሳት ብትይ እውነትሽን ነው። ስንት ቀን ስልኩን አንስቼ ስምሽ ላይ ደርሼ መልሼ እንዳስቀመጥኩት እኔና እግዜር ነን ምናውቀው። ወደሱ እመጣለሁ፣ መጀመሪያ ግን ይሄን ልንገርሽ ምክንያቱም እንደኛ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ያልኖረ ሰው አይስቅበትም፣ ለባሌ ብነግረው እንዲሁ አየኝ በቃ።

እዚህ የጥቁር አሜሪካኖች ክዋንዛ ሚባል በአል አላቸው፣ ከፈረንጅ ገና ማግስት ከዲሴምበር 26 እስከ ጃንዋሪ 1 ሰባት ቀን ሙሉ ይከበራል። ሎስ አንጀለስ ይሄን ሁሉ አመት ስኖር ስሙን ከመስማት ውጪ ምንድነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም፣ እውነቱን ልንገርሽና እኛ እዚህ መጥተን ፌርፋክስ ላይ ከክትፎ ቤታችን እስከ ቤተክርስቲያናችን ነው አለማችን፣ ጥቁሮቹን አጠገባችን እያሉ እንደሩቅ አገር ሰው ነው ምናያቸው፣ እኔም ያው ነበርኩ።

ባለፈው ታህሳስ 19 ታድያ ከገብርኤል ንግስ ስመለስ ጎረቤቴ፣ ሰባ አመት ሊሞላት ምንም ያልቀራት ሴትዮ ናት፣ በሬ ላይ ጠብቃ "ዛሬ አዳራሽ ሻማ እናበራለን ልጅሽን ይዘሽ ነይ" አለችኝ። ልብስ ልቀይር ስላት ረፍዷል ብላ ጎተተችኝ፣ ነጠላዬን እንደለበስኩ ሄድኩ። ገና ስገባ ሰው ሁሉ ለነሱ በአል ብዬ የለበስኩ መስሎት እያየ ሲያደንቀኝ እኔ ደግሞ ኧረ ለቅዱስ ገብርኤል ነው ማለት አፍሬ ፈገግ ብዬ አለፍኩ። ከዛ በሩ ጋ የቆሙ አንድ ሽማግሌ እጄን ጨብጠው "ሀባሪ ጋኒ?" አሉኝ፣ በስዋሂሊ ምን አዲስ ነገር አለ እንደማለት።

አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? እኔም እሱኑ። በናይሮቢ ታክሲ በማታቱ ውስጥ በተማርነው ስዋሂሊ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ምዙሪ ሳና!"፣ በጣም ደህና፣ ስል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰልሽ። ለካ እዚህ መልሱ የቀኑ ስም ነው፣ ለሰባቱ ቀን ሰባት ሀሳብ አላቸው፣ የዛን ቀን ሶስተኛው ስለነበር "ኡጂማ!" ነበር መባል ያለበት። ሽማግሌው ግን ደስ ብሏቸው እውነተኛ ስዋሂሊ ምትችል ሰው መጣች ብለው ለሁሉም አስተዋወቁኝ፣ የኔን ስዋሂሊ ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ቲማቲም መከራከር ላይ ያልቃል ሃሃሃ።

ጎረቤቴን ኡጂማ ምን ማለት ነው ስላት አብሮ መስራት ነው፣ የአንዱን ችግር የሁሉም አድርጎ መያዝ ነው ምናምን እያለች ረጅም ነገር ታስረዳኛለች፣ እኔ በሆዴ እድር ነው በይኝና ይለቅ እላለሁ። የማግስቱ ደግሞ ኡጃማ ነው፣ ገንዘብ አሰባስቦ የራስን ሱቅ ማቆም፣ እሱም የእቁብ ዘመድ መሰለኝ።

አንድ ያልገባኝን ጠየቅኳት፣ የናንተ ሰዎች በብዛት የተወሰዱት ከምእራብ አፍሪካ ነው፣ ስዋሂሊ ከወዲህ ከኛ በኩል ነው፣ ምን አገናኘው? "የየትኛው ህዝብ ልጆች እንደሆንን ብናውቅማ የሱን ቋንቋ እንወስድ ነበር፣ ሳናውቅ ስንቀር የማንም ጎሳ ብቻ ያልሆነውን መረጥን" አለችኝ። ምን ልበላት፣ ዝም አልኩ። በአሉን የጀመረው ማውላና ካሬንጋ ሚባል እዚሁ ሎስ አንጀለስ የነበረ ሰው ነው በፈረንጆቹ 1966፣ ያኔ የጥቁሮች ሰፈር በነበረችው በዋትስ አመፅ በተነሳ በአመቱ ማለት ነው። በዛ አመፅ ስድስት ቀን ውስጥ 34 ሰው ነው የሞተው። እሷ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፣ ትዝ የሚላት እናቷ ጭሱ እንዳይገባ እርጥብ ፎጣ በር ስር ስትወትፍ ነው፣ እስከዛሬ የእርጥብ ፎጣ ሽታ አልወድም አለችኝ።

ጠረጴዛው ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ሰባት ሻማ ደርድረዋል፣ መሀሉ ጥቁር፣ በግራ ሶስት ቀይ፣ በቀኝ ሶስት አረንጓዴ፣ ከስሩ ደግሞ ለየልጁ አንድ አንድ የደረቀ በቆሎ ያስቀምጣሉ። ልጄ ይሄ ያንተ ነው ሲሉት ሊገምጠው ነበር! በኋላ ሻማውን አንተ አብራ ብለውት እጁ እየተንቀጠቀጠ አበራ። ምግቡን ተይው፣ ጾም ነው እኮ፣ ጎመን አለ ብዬ ደስ ሲለኝ ውስጡ የተጨሰ ተርኪ ተቀቅሎበታል፣ ዳቦው እንቁላል አለበት፣ ሙዝ በልቼ ተመለስኩ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ከመብላታችን በፊት ሽማግሌው በእንጨት ዋንጫ ውሀ ይዘው አበባ መትከያ ውስጥ ትንሽ ትንሽ እያፈሰሱ ያረፉ ሰዎችን ስም ጠሩ፣ በየስሙ ህዝቡ "አሼ" ይላል፣ እንደኛ አሜን ነው። መጀመሪያ ላይ ይሄ ነገር ከሀይማኖቴ ጋ አይሄድም ብዬ ወደኋላ ቆሜ ነበር። ከዛ ሁሉም በተራው የራሱን ሰው ይጥራ ተባለ። ጎረቤቴ እናቷን አለች፣ አያቷን፣ ቅድመ አያቷን፣ የቅድመ አያቷን አባት፣ እዛ ጋ ቆመች። በኋላ ስጠይቃት በ1850ና በ1860 ህዝብ ሲቆጠር በባርነት የነበሩት በጌታው ስም ስር እድሜያቸው፣ ፆታቸውና የቆዳ ቀለማቸው ነው የተጻፈው፣ ስማቸው የለም፣ ቤተሰቧ በስም የተገኘው በ1870 ቆጠራ ነው። ስለዚህ ከሱ ወዲያ ላሉት "ስማችሁን ላላወቅነው" ብላ ነው የጠራቻቸው። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን እንል የለ።

ተራው ሲደርሰኝ አባቴን ልል ነበር እመኚኝ። ከአፌ የወጣው ግን "እታባ" ነው። ህዝቡ "አሼ!" ሲል ጉልበቴ ከዳኝ። እታባ እኮ ሽሮና በርበሬውን በመንገደኛ ሲልኩ ሁሌ ሁለት ላስቲክ ነበር፣ አንዱ ላይ "የልጄ" ሌላው ላይ "የጓደኛዋ"፣ ሲመዘን እንኳን እኩል ነበር። ያረፉ ጊዜ ፌስቡክ ላይ "እታባዬ ሄደች" ያልሽው ስር እንደማንም ሰው "ነፍስ ይማር" ብዬ ጽፌ አለፍኩ። ነገ እደውላለሁ አልኩ፣ ነገ ሳምንት ሆነ፣ ከዛ አርባቸው አለፈ፣ ከዛማ በምን አፌ። ሰው ለቅሶ ይቀራል እንዴ፣ እድርም ቢሆን ያስቀጣል።

ስንወጣ ጎረቤቴ "የጠራሻት ሴት ማን ናት?" አለችኝ፣ የጓደኛዬ እናት አልኳት፣ ሙሉ ስሟስ ስትለኝ አፌን ያዝኩ። አላውቀውም! ሁላችንም እታባ ነው ምንላቸው።

እንግዲህ ስማቸውን ከነአባታቸው ላኪልኝ፣ የክርስትና ስማቸውንም፣ እዚህ ላሉት ቄስ ሰጥቼ ፍትሀት ላስደርግላቸው ነው። ቅዳሜ ባንቺ ማታ እደውላለሁ፣ ካላነሳሽም እሁድ እደግማለሁ።