መሣሪያው ከቤት የሚወጣው መቼ ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

አሜሪካ ውስጥ የጅምላ ግድያ በተፈጸመ ቁጥር «ገዳዩ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው» ማለት ልማድ ሆኗል። በዚያ አገር ከሚደርሰው ጥቃት በከባድ የአእምሮ ሕመም ሊመካኝ የሚችለው ግን 4 በመቶ ገደማ እንደሆነ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ታምሜያለሁ ያለ ሁሉ በገዳይነት ከተጠረጠረ ደግሞ ማን ሐኪም ዘንድ ይሄዳል?

ከአእምሮ ምርመራው ይልቅ መሣሪያው የት እንዳለ መጠየቅ ይቀድማል። ፕሬዚዳንቱን የሚጠብቀው የአሜሪካ ሴክሬት ሰርቪስና የትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት 37 የትምህርት ቤት ጥቃቶችን መርምረዋል። ከአምስቱ በአራቱ ገደማ ዕቅዱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ አብዛኞቹ አጥቂዎችም መሣሪያውን ያገኙት ከራሳቸው ወይም ከዘመድ ቤት ነው።

መሣሪያና ጥይት ለየብቻ፣ በተለያየ ቁልፍ ይቆለፉ። የተለመደው ስህተት ካዝናውን (የጥይት መያዣውን) ነቅሎ መዘናጋት ነው፤ ጠመንጃው የጎረሳት ጥይት እዚያው ትቀራለች። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ፣ ካዝናውን ነቅሎ፣ ከዚያ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ስቦ ጥይቷን ማስወጣትና ውስጡን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ካዝናው ሌላ ጥይት ያጎርሳል። ቁም ሳጥን አናት ላይ የተደበቀ ቁልፍ የማያውቅ ልጅ የለም፤ የልደት ቀን የሆነ የሚስጥር ቁጥርም እንደዚያው።

የሚዝተው፣ ተስፋ የቆረጠው ወይም እንቅልፍ አጥቶ የሚሰነብተው ሰው ራሱ ቁልፍ ያዥ ከሆነስ? ያኔ መቆለፍ አይበቃም። ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ መሣሪያው ለፖሊስ ወይም ፈቃድ ላለው ሰው ይሰጥ። ሐኪሙም ስለ መጠጥና ስለ እንቅልፍ ሲጠይቅ «ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ? ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ብሎ ይጨምር፤ በክስ ድምፅ ሳይሆን እንደ ማንኛውም ጥያቄ።

ፈቃደኛ ላልሆነው ፍርድ ቤት አለ። ከአሜሪካ ግዛቶች ኮነቲከት እ.ኤ.አ. በ1999፣ ፍሎሪዳ 17 ሰዎች በፓርክላንድ ትምህርት ቤት ከተገደሉ በኋላ በ2018 መሣሪያን በጊዜያዊነት የሚያስወስድ ሕግ አውጥተዋል። በፍሎሪዳ አቤቱታውን የሚያቀርበው ፖሊስ ብቻ ነው፤ ችሎቱ በ14 ቀን ውስጥ ይሰየማል፤ ትእዛዙ እስከ አንድ ዓመት ይጸናል። እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚከሽፈው ብዙ ጊዜ አፈጻጸም ላይ ነው፦ የታወቀው ሽጉጥ ተወስዶ መኪና ውስጥ ያለው ይረሳል። ስለዚህ የመሣሪያዎቹ ዝርዝር ከቤተሰቡ ጋር ይሠራ፤ መሣሪያው የሚመለስበት ቀን ሲቆረጥም የሐኪም ቀጠሮው ከዚያ ቀን በፊት ይያዝ።