ለልጄ፦ ስለላክሽልኝ የሞስ ፎቶ

ልጄ፣ እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ሰላም ብላሻለች።

ያን ድንጋይና ግንድ ላይ የሚነጠፍ ትንሽ ተክል፣ ሞሱን፣ በፎቶው አየሁት። ስልክሽ ላይ ያለው አፕ ሂፕነም ኩፕሬሲፎርሜ የሚባለው የሞስ ዝርያ ነው አለሽ አይደል? ሳይሆን አይቀርም። ግን በፎቶ ብቻ እንዳታምኚው። ከርቀት ሲያዩት ሞስ ሁሉ አረንጓዴ ምንጣፍ ነው፤ ይኼኛው ደግሞ ድንጋይ ላይ ወፈር ብሎ፣ የዛፍ ግንድ ላይ እንደገና ቅጥን ብሎ ስለሚበቅል፣ አንዱ ዝርያ ሁለት ሦስት መስሎ ያታልላል።

አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ሌንስ ግዢ፣ ብዙ ገንዘብ አያስወጣሽም። ከምንጣፉ አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ ንቀዪ፤ እባክሽ ሙሉውን እንዳትገሽልጪው። ቅጠሎቿ ተደራርበው፣ ጫፋቸው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ቆልመም ብሎ፣ ሹሩባ የተሠራ ፀጉር ከመሰለሽ ጥሩ ጀምረሻል። ከዚያ በወረንጦ አንድ ቅጠል ገንጥይ (ርዝመቷ ቢበዛ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል)፣ ውሃ ጠብ አድርጊባትና ወደ ብርሃን አቅንተሽ እያት። መሃሏን እስከ ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የሚያልፍ አንድ መስመር ካለ ሌላ ሞስ ነው፤ በየሣሩ መሃል የሞላው ብራኪቴሲየም እንደዚያ ነው። የሂፕነም መስመር ግን ወይ ጭራሽ የለም፣ ወይ ከቅጠሉ ግርጌ ለሁለት ተከፍሎ ወዲያው ይጠፋል። እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው ይህን ምልክት ነው።

ደግሞ ጎረቤትሽ ሞሱ ዛፉን ይጎዳል ቢልሽ አትስሚው። ሞስ ሥር የለውም። ግንዱን የያዘበት ቀጭን ክር መቆንጠጫው ነው እንጂ ከዛፉ ምግብ አይመጥጥበትም። ውሃውን ከዝናብና ከእርጥበት በቅጠሉ ነው የሚቀበለው፣ አየር ላይ ያሉት እርሳስና ካድሚየም የሚባሉ መርዛማ ብረቶችም አብረው ይገባሉ። ለዚህ ነው አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ ሞስ እየተሰበሰበ የእንዲህ ያሉ ብረቶች ብክለት የሚለካው። ያንቺውም ከሚሰበሰቡት አንዱ ነው።

አሁን የሚያስቸግረው ዘመዱ ነው፣ ሂፕነም አንዶይ። በቅጠል ብቻ መለየት ከባድ ነው። ቀላ ያለ ዘንግ ላይ የቆመ፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ የስፖር (ሞሱ የሚራባበት ደቃቅ ብናኝ) ከረጢት ፈልጊ። ክዳኑ ሾጠጥ ያለ አፍንጫ ካለው ኩፕሬሲፎርሜ ነው፤ የአንዶይ ክዳን አጭርና ደነዝ ነው። ካገኘሽ ክዳኑ ሳይወድቅ ቀረብ ብለሽ አንሺና ላኪልኝ፣ እንደ ባለፈው እጅሽ አይንቀጥቀጥ።

አባትሽ