የምስሉ ቀን ብቻ አይበቃም

ክቡር አዘጋጅ፣

የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ መለወጡን ለማሳየት ጎን ለጎን ባወጣችኋቸው ሁለት የሴንቲኔል-1 (የአውሮፓ ሳተላይት) ራዳር ምስሎች ላይ ቀኑ አለ፤ የምህዋር ቁጥሩ ግን የለም። እሱ ከሌለ ንጽጽሩ አይታመንም።

ሳተላይት ምድርን በዞረ ቁጥር አንድ ይደመርለታል። ቁጥሩ የሚቀየረው ቀን ሲለወጥ ሳይሆን ሳተላይቱ ምድር ወገብን ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲሻገር ነው። ከመጠቀበት እስከ መጀመሪያው መሻገሪያ ያለውን ጎዶሎ ዙር አንዱ የዙር ዝርዝር ዜሮ፣ ሌላው አንድ ይለዋል። ሁለት ዝርዝሮች በአንድ ቁጥር ከተለያዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው።

ይህ ጠቅላላ ቁጥር ተመልሶ አይመጣም። ለንጽጽር የሚያስፈልገው የመስመሩ ቁጥር፣ ማለትም ሳተላይቱ በየትኛው ተደጋጋሚ መንገድ እንዳለፈ የሚናገረው ነው። ሴንቲኔል-1 በ12 ቀን 175 ዙር ሄዶ ወደ መነሻ መስመሩ ስለሚመለስ፣ መስመሮቹ ከ1 እስከ 175 ተቆጥረዋል። በፋይሉ ስም ውስጥ ከሁለቱ የቀንና ሰዓት ምልክቶች ቀጥሎ ያለው ባለስድስት አኃዝ ጠቅላላው ቁጥር ነው። ከሴንቲኔል-1 ሳተላይቶች ለአንዱ፣ ለ1ኤ፣ ከዚያ ላይ 73 ቀንሱ፣ ለ175 አካፍሉ፣ ቀሪው ላይ 1 ደምሩ። 40000 ቢሆን 39927 ይሆናል፤ ሲካፈል 27 ይተርፋል፤ መስመሩ 28 ነው። ለ1ቢ የሚቀነሰው 27 ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

አንድ ዙር 98.7 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ምሽት ወደ ሰሜን ሲወጣ ሐዋሳ የሚደርሰው ዙሩ በተጀመረ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ማለዳ ወደ ደቡብ ሲወርድ ግን 47 ደቂቃ ያህል ሄዶ ነው። ራዳሩ ሁልጊዜ ወደ ቀኙ ስለሚያይ ምሽት ወደ ምሥራቅ፣ ማለዳ ወደ ምዕራብ ይመለከታል። ከሐይቁ በስተ ሰሜን ያሉት የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ ገደሎች በአንዱ ምስል ተጨማደው ሲያበሩ በሌላው ሊጨልሙ ይችላሉ፤ መሬቱ ግን ያው ነው። ጸጥ ያለ ውሃ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ነፋስ ካናወጠው ይነጣል፣ ዳርቻውም ከየብሱ ጋር ይምታታል። በጥቁር ውሃ ወንዝ መግቢያ በኩል ያለው ሳርና ደንገልም እንደ አተያዩ ማዕዘን ይለዋወጣል። ያኔ «ሐይቁ ገፋ» ማለት ይመጣል።

የላንድሳት (የአሜሪካ ሳተላይት) ይቀላል፤ በ16 ቀን 233 መስመር ነው። ሐዋሳና አዳማ ሁለቱም በመስመር 168 ላይ ናቸው፤ በመስመሩ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚቆጠረው ረድፍ ሐዋሳ 55፣ አዳማ 54 ናቸው። ምድር ወገብ ረድፍ 60 ነው።

ስለዚህ ከምስሉ ሥር የሳተላይቱን ስም፣ ቀኑን፣ የመስመሩን ቁጥርና ወጪ ወይም ወራጅ መሆኑን አትሙልን። ቁጥሩ የማይገጥም ጥንድ ምስል ከሆነ ባይወጣ ይሻላል።

የሪሞት ሴንሲንግ ባለሙያ፣ ከሐዋሳ