ረጋ ያሉ ልቦለዶች ግጭት አላቸው

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በሥነ ጽሑፍ ዓምዳችሁ፣ ጦርነትና የዓለም ፍጻሜ የሌለባቸው ረጋ ያሉ የሳይንስና የፋንታሲ ልቦለዶች «ግጭት አልባ፣ ከእውነታ መሸሻ» ተብለው መተቸታቸውን አልስማማበትም።

ግጭትማ አላቸው። ትራቪስ ባልድሪ እ.ኤ.አ. በ2022 በራሱ ያሳተመውንና በቀጣዩ ዓመት ለሁጎና ለኔቡላ የሳይንስና የፋንታሲ ልቦለድ ሽልማቶች የታጨውን «ሌጀንድስ ኤንድ ላቴስ» የተሰኘ ልቦለድ ብንወስድ፣ ቪቭ የተባለችው ኦርክ (በፋንታሲ ታሪኮች የተለመደ ግዙፍ ምናባዊ ፍጡር) ቅጥረኛ ተዋጊነቷን ትታ ቡና በማያውቅ ከተማ የቡና መሸጫ ትከፍታለች። አሮጌ የፈረስ ጋጣ ገዝታ ታስጠግናለች፤ በሩ ሲከፈት ግን ደንበኛ የለም። በነጻ እያስቀመሰች ታስለምዳለች። ቡና ሳይፈላ ውሎ ለማያድርብን ለእኛ ይህ ክፍል ጣዕሙ ልዩ ነው። የሰፈሩ ወሮበሎች ገንዘብ አምጪ ሲሏት ደግሞ ሰይፏን ማንሳት አይከብዳትም፤ የሚከብዳት አለማንሳቱ ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ግጭት ይፈለጋል?

«መሸሻ» የሚለውም አያስኬድም። ጀግናው ድል አድርጎ ሲመለስ የሚያበቃ ታሪክ ሞልቷል፤ ሰይፍ ከተሰቀለ በኋላ በምን እንደሚኖር፣ ጎረቤት እንዴት እንደሚታመን የሚተርክ ግን ጥቂት ነው። ጦርነት ያየ አንባቢ ይህን ጥያቄ በየቀኑ ይኖረዋል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ ለጀማሪ ጸሐፊዎች የአጭር ምናባዊ ልቦለድ ውድድር እንዲያዘጋጅ እጠይቃለሁ። ሕጉ አንድ ይሁን፦ የታሪኩ ችግር በመግደል አይፈታ። የተመረጡት ሥራዎችም በዚሁ ዓምድ ይታተሙ።

አንድ የዓምዱ አንባቢ