ሥራችሁ አንዳንድ ጊዜ አንድ ቀን ለምን ይዘገያል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ጥቅምት አንድ ደንበኛችን እኛ የሠራነውን የወፍጮ ሻፍት (የሚሽከረከር የብረት ዘንግ) ለሁለት ተሰብሮ ይዘውልን መጡ። በጥንካሬ መለኪያው ብንፈትሸው ቁጥሩ ልክ ነው፤ የቶርኖ ሥራውም እንከን የለበትም። ነገሩ የገባን ስብራቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተን በማጉያ መነጽር ስናየው ነው። ደህና አረብ ብረት ሲሰበር ገጹ ደብዛዛ ግራጫ ነው፤ ይህ ግን እንደ ስኳር ያብለጨልጭ ነበር። ብረቱ የተላቀቀው በቅንጣቶቹ መጋጠሚያ ላይ ነው።

ብረት ወጥ ይምሰል እንጂ እንደ ድንጋይ ግንብ ከተጋጠሙ ጥቃቅን ቅንጣቶች የተሠራ ነው። በመጋጠሚያው ላይ የአቶሞቹ አሰላለፍ ስለሚዛባ በብረቱ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኙ ባዕዳን ንጥረ ነገሮች (ፎስፎረስ፣ ቲን፣ አንቲሞኒና አርሰኒክ) ከቅንጣቱ ውስጥ ይልቅ እዚያ መቀመጥ ይቀናቸዋል። በብረቱ ውስጥ ከመቶ 0.02 እጅ ብቻ የሆነ ፎስፎረስ መጋጠሚያው ላይ ከ100 እጥፍ በላይ ሊከማች ይችላል። ያን ጊዜ ድንጋዩ ደህና ሆኖ ማያያዣው የላላ ግንብ ይሆናል፤ የጥንካሬ መለኪያም ይህን አያሳይም።

ወሳኙ ሙቀቱ ነው። ብረቱን አግለን ዘይት ውስጥ ከነከርነው በኋላ ተሰባሪነቱ እንዲቀንስ እንደገና ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እናሞቀዋለን። በዚያ ሙቀት ባዕዳኑ አቶሞች ተበታትነው ይቆያሉ፤ ከ350 ዲግሪ በታች ደግሞ መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል። ክፉው ከ375 እስከ 575 ያለው ነው፤ እዚያ የቆየ ብረት ይጎዳል። ያን ሻፍት በምናሞቅበት ዕለት መብራት ጠፋ፤ የምድጃው በር እንደተዘጋ ሻፍቱ ሌሊቱን በዝግታ ሲቀዘቅዝ አደረ። ጥፋቱ የእኛ ነው። ሌላ ሻፍት ያለ ክፍያ ሠርተን አስረክበናል።

በእንግሊዝ ሂንክሊ ፖይንት ኤ የኃይል ማመንጫ በ1969 እ.ኤ.አ. የተርባይን ዲስክ (በእንፋሎት ኃይል የሚሽከረከር የብረት ጎማ) ሲፈነዳ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ጉዳት ነበር።

ደግነቱ ጉዳቱ ይመለሳል። ከእንግዲህ በሥራ መካከል መብራት ከጠፋ ብረቱን በማግስቱ እንደገና ከ600 በላይ አሙቀን ወዲያው ዘይት ውስጥ እንነክረዋለን። አንድ ቀን የምንጠይቃችሁ ለዚህ ነው፤ እባካችሁ በዚያ ቀን አታስቸኩሉን።

ብረት ራሳችሁ ገዝታችሁ የምታመጡ ከሆነ ኒኬልና ክሮሚየም ብቻ ያለበትን ሳይሆን ግማሽ ፐርሰንት ያህል ሞሊብዲነም የተጨመረበትን ምረጡ፤ ሞሊብዲነም ይህን ክምችት ያዘገያል። የተሰበረው ሻፍት ከማጉያው ጋር መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ስትመጡ እዩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥራ ቤቱ ባለቤትና ሠራተኞች
ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ አዲስ አበባ